በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ የአንድ ጀማሪ ተኳሽ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መጋቢት 6

ጠመንጃው ዛሬ ቤት ገባ። የሸጡልኝ፣ ከምኖርበት የሰሜን ቨርጂኒያ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኝ የተኩስ ክበብ አባል የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው። የቱቦው የውስጥ ስፋት 0.50 ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ነው። ቀለህ ያለው ጥይት አይጎርስም፤ ባሩዱ፣ ጨርቁና የእርሳስ አረሩ በየተራቸው በአፈሙዙ በኩል ይገባሉ። በቱቦው ኋላ ጫፍ ደግሞ መሐሉ የተበሳ ትንሽ የብረት ጉጥ አለ፤ በጉጡ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል የመዳብ ቆብ ይደፋበታል፤ መዶሻው ቆቡን ሲመታው የሚፈነጥቀው እሳት በቀዳዳው ገብቶ ባሩዱን ይለኩሳል።

ደብረ ታቦር ለሚኖሩት አጎቴ ደውዬ ብነግራቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ ቆመህ ጠብቀኝ ነዋ የገዛኸው!» አሉኝ። አሮጌ ጠመንጃ በአገራችን የሚጠራበትን ይህን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ባላጋራው ቆሞ መጠበቅ አለበት ማለት እንደ ሆነም አውቃለሁ። ነገር ግን «ስንት ደቂቃ ያስጠብቃል?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ይህን ሥራ የጀመርኩት ያንን በገዛ እጄ ለማወቅ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ዒላማ መምታቴን ብቻ ሳይሆን ከአንዱ ተኩስ እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜም እመዘግባለሁ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ላስፍር። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣውና በኋላ በተሻሻለው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር አዋጅ መሠረት፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራና በቀለህ የታሸገ ጥይት ሊጠቀም የማይችል በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ መሣሪያ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ የየግዛቱ ሕግ ይለያያል፤ ስለዚህ ማንም ሰው ከመግዛቱ በፊት የሚኖርበትን ግዛት ሕግ ማንበብ አለበት። እኔም ጠመንጃውን ከማምጣቴ በፊት ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

መጋቢት 8

ዛሬ ያሳለፍኩት ዕቃ በመሰብሰብ ነው። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ባሩዱ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሰባ አምስት በመቶው ፖታሲየም ናይትሬት፣ ዐሥራ አምስት በመቶው ከሰል፣ ዐሥር በመቶው ድኝ ነው። የቅንጣቱ ልክ በላቲኑ «ኤፍ» ፊደል ይገለጻል፤ ኤፎቹ በበዙ ቁጥር ቅንጣቱ ይደቃል፣ የሚነድበትም ፍጥነት ይጨምራል። ለእኔ ጠመንጃ አዛውንቱ የመከሩኝ ሁለት ኤፍ የሚባለውን ነው። ብዙ ሱቆች እውነተኛውን ጥቁር ባሩድ አይዙም፤ ሕጉ እንደ ፈንጂ ስለሚቆጥረው አያያዙ ይከብዳቸዋል፤ በምትኩ የሚሸጡት ተተኪ ባሩዶችን ነው። እኔ ግን ጉዳዩን ከሥሩ መማር ስለ ፈለግሁ እውነተኛው የሚሸጥበትን ቦታ ፈልጌ አንድ ቆርቆሮ ገዛሁ።

እዚህ ላይ ማንም ጀማሪ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። በዘመናዊ ጥይት ውስጥ የሚገኘው ጭስ አልባ ባሩድ በምንም መጠን፣ በማንኪያ ጫፍ እንኳ ቢሆን፣ ለጥቁር ባሩድ ወደተሠራ ቱቦ መግባት የለበትም። የሚፈጥረው ግፊት ቱቦው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ቱቦው ይፈነዳል፤ የሚፈነዳውም ከተኳሹ ፊትና እጅ አጠገብ ነው። ስለዚህ በቤቴ ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ ጨርሶ እንዳይኖር ወስኛለሁ።

ባሩዱ የሚለካው በሚዛን ሳይሆን በመስፈሪያ ነው። የመስፈሪያው መለኪያ «ግሬይን» ይባላል፤ አንዱ ግሬይን 0.065 ግራም ያህል ይመዝናል። በመጀመሪያው ቀን የምሰፍረው 50 ግሬይን፣ ማለትም ሦስት ግራም ከሩብ ገደማ ይሆናል። አረሩ ለስላሳ እርሳስ ነው፤ ስፋቱ 0.490 ኢንች፣ ክብደቱ 11.5 ግራም ያህል ነው። አረሩ ከቱቦው በሩብ ሚሊሜትር ያህል ይጠባል፤ ያንን ክፍተት የሚሞላው፣ በቱቦው ውስጥ የተቆረጡትን ጠመዝማዛ ቦዮች ይዞ አረሩን የሚያሽከረክረውም ጨርቁ ነው። ለዚህም ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ መሆን አለበት። ከገዛሁት ጨርቅ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት ለኮስኩት፤ አመድ ሆነ እንጂ አልቀለጠም። ቢቀልጥ ኖሮ ሰው ሠራሽ ክር ስለሚሆን እጥለው ነበር።

መጋቢት 13

የመጀመሪያው የተኩስ ቀን። አዛውንቱ አስተማሪዬ ከእኔ ቀድመው ደርሰው ነበር። የዓይን መከላከያ መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ ሳላደርግ መስመሩን እንዳላልፍ ካዘዙኝ በኋላ ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ አሳዩኝ። ልክ እንደ ተማርኩት እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። የመጎስጎሻው ዘንግ ወደ ባዶው ቱቦ እስከ መጨረሻው ይሰደድና ከአፈሙዙ ትይዩ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ በኋላም ጠመንጃው በትክክል ሲጎርስ ሁለተኛ ምልክት ይደረጋል። እነዚህ ሁለት ምልክቶች እያንዳንዱን ጉርሻ ይመሰክራሉ። ቀጥሎ ያለ ባሩድና ያለ አረር ሁለት ቆብ ብቻ ይተኮሳል፤ ይህም በጉጡ ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን ዘይት ለማቃጠል ነው። ከዚያ ባሩዱ ከሚያዝበት ቀንድ ወደ መስፈሪያው፣ ከመስፈሪያው ወደ ቱቦው ይፈስሳል። ከቀንዱ በቀጥታ ወደ ቱቦው ማፍሰስ ፍጹም ክልክል ነው፤ በቱቦው ግርጌ ካለፈው ተኩስ የቀረ ፍም ካለ በመስፈሪያው ያለው ሦስት ግራም ብቻ ሳይሆን በእጅ የተያዘው ቀንድ በሙሉ ይነዳልና። ቅባት የጠጣው ጨርቅ በአፈሙዙ ላይ ይዘረጋል፤ አረሩ በላዩ ይቀመጣል፤ በአጭር መግፊያ ጥቂት ከገባ በኋላ በዘንጉ ይጎሰጎሳል።

ዘንጉን ሲገፉ እጅ ከአፈሙዙ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይይዛል፤ ጥቂት ገፍቶ እንደገና ይይዛል። ጫፉን ይዞ በአንድ ጉልበት የሚገፋ ሰው ዘንጉ ሲሰበር መዳፉ ይበሳል። ፊትም ሆነ ደረት ከአፈሙዙ በላይ አይጎነበስም። አረሩ ባሩዱ ላይ በሚገባ ማረፉ በሁለተኛው ምልክት ይረጋገጣል፤ በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ከቀረ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊቀደድ ይችላል። ቆቡ የሚደፋው በመጨረሻ፣ በተኩስ መስመሩ ላይ ቆሞ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው አዙሮ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ተኩሴ ከሸፈ። መዶሻው ቆቡን መታ፤ ቆቡ ጮኸ፤ ባሩዱ ግን አልተለኮሰም። ልቤ ጠመንጃውን አውርጄ እንዳየው ገፋፍቶኝ ነበር፤ አስተማሪዬ ግን «አትነቃነቅ» አሉኝ። የከሸፈ የሚመስል ጉርሻ ዘግይቶ ሊባርቅ ይችላልና፣ በዚህ ሜዳ ደንብ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደ ዞረ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይጠበቃል። ጠብቄ ሌላ ቆብ ደፋሁና ምላጩን ሳብኩ። ሰደፉ ትከሻዬን በኃይል አልመታኝም፤ ለስለስ ብሎ ገፋኝ። ነጩ ጭስ ከፊቴ ሲነሣ ዒላማው ጨርሶ ተሰወረብኝ፤ የድኙ ሽታም ለረጅም ጊዜ ከልብሴ አልለቀቀም። ምክንያቱን ሳጣራ፣ ቆብ ብቻ በተኮስኩ ጊዜ አፈሙዙን ወደ አንድ የሣር ቅጠል አስጠግቼ ቅጠሉ መነቅነቁን አላየሁም ነበር። ቅጠሉ ቢነቀነቅ ኖሮ ቀዳዳው መከፈቱን ባወቅሁ ነበር።

በ25 ያርድ ርቀት ዐሥራ አንድ ጊዜ ተኮስኩ። ሰባቱ ወረቀቱን አገኙ፤ የሰባቱ ስፋት ከሁለት ስንዝር በላይ ነበር። በአማካይ ከተኩስ እስከ ተኩስ፦ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ።

መጋቢት 13፣ ማታ

ከተኩሱ ይልቅ ስለ ማጠቡ ብዙ መጻፍ አለብኝ፤ ጀማሪዎች ጠመንጃቸውን የሚያጡት በዚህ ነውና። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሽ የሚበልጠው ክብደቱ ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ጭስና ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ያ ጥቀርሻ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም ብረቱን ይበላል። የጠመንጃ ዘይት ብቻውን ይህን አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ውኃ ነው። ቱቦውን ከሰደፉ ነቅዬ ኋላውን ሙቅ የሳሙና ውኃ በያዘ ባልዲ ውስጥ አቆምኩት፤ ዘንጉ ላይ ጨርቅ አስሬ ወደ ላይና ወደ ታች ስስብ ውኃው በጉጡ ቀዳዳ እየገባ እየወጣ እንደ ቀለም ጠቆረ። ሦስት ጊዜ ውኃ ለወጥኩ። በመጨረሻ በጣም ትኩስ ንጹሕ ውኃ አፈሰስኩበት፤ ብረቱ ራሱ ሞቆ ፈጥኖ እንዲደርቅ ነው። ካደረቅሁት በኋላ በስስ ዘይት ወለወልኩት።

መጋቢት 14

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለስኩ ነጭ ጨርቅ በቱቦው ውስጥ ባሳልፍ ቀይ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አዘንኩ፤ ዘይቱን የቀባሁት ቱቦው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እንደ ነበረ ገባኝ። እንደገና አጥቤ፣ አድርቄ፣ አንድ ሰዓት አቆይቼ ቀባሁት። ማታ ያሳለፍኩት ጨርቅ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከእንግዲህ በማግሥቱ መፈተሽን የሥራው ክፍል አድርጌዋለሁ።

መጋቢት 20

ዛሬ የተማርኩት ጨርቅ ማንበብ ነው። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ጨርቁ ተላቅቆ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይወድቃል። ሜዳው ሲዘጋ አስተማሪዬ ወደ ፊት ይዘውኝ ሄዱና የወደቁትን ጨርቆች ለቀምን። በደህና የሠራ ጨርቅ መሐሉ ጠቁሮ፣ ዙሪያው የቦዮቹን ምልክት ይዞ፣ ሳይቀደድ ይገኛል። የእኔዎቹ መሐላቸው ተበስቶ ዳርቻቸው ተቃጥሎ ነበር። ባሩዱ ሲነድ እሳቱ በጨርቁ በኩል አልፎ አረሩን ይልሰዋል ማለት ነው፤ አረሮቼ ለምን ወዲያና ወዲህ እንደ ሄዱ አሁን ተረዳሁ። ጥፋቱ የማነጣጠሬ ብቻ አልነበረም።

ሁለት ምክንያት አገኘን፦ ጨርቁ ቀጭን ነው፤ ቅባቱም አነስተኛ ነው። 0.010 ኢንች የነበረውን ጨርቅ ወደ 0.015 እንድቀይር፣ ቅባቱንም እንዳሻሽል ነገሩኝ።

አማካይ ጊዜ፦ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ።

መጋቢት 22

ቅባቱን ቤት ሠራሁት። ሦስት እጅ የወይራ ዘይትና አንድ እጅ ንጹሕ የንብ ሰም በሙቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ አቀለጥኩ፤ ሰም በቀጥታ እሳት ላይ ቢቀልጥ ሊቀጣጠል ስለሚችል ውኃው የግድ ነው። ወጥ ቤቱ በሙሉ የጧፍ ሽታ ሸተተ፤ ባለቤቴ ገብታ «ማኅሌት የቆመ መሰለኝ» አለችኝ። ብዙ ሰዎች የእንስሳ ስብ ይጠቀማሉ፤ ወቅቱ ግን ዐቢይ ጾም በመሆኑ ስብ ወደ ወጥ ቤታችን ማስገባት አልወደድኩም፤ የወይራውም ዘይት በደንብ ይሠራል። የተቆረጡትን ጨርቆች ነክሬ በወረቀት ላይ ዘረጋኋቸው።

መጋቢት 27

አዲሱ ጨርቅ ሁሉን ለወጠው። የለቀምኳቸው ጨርቆች ሙሉ ናቸው፤ በ25 ያርድ አምስት አረር በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ገባ። በዚህ ደስታ መካከል ነው ከባድ ስሕተት የሠራሁት። ከጎኔ ካለ ሰው ጋር እየተነጋገርኩ አረሩን ያለ ባሩድ ጎሰጎስኩት። ዘንጉ ከምልክቱ አልፎ ዝቅ ማለቱን ያየሁት ጎስጉሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

አስተማሪዬ አልተቆጡም። ጉጡን ነቅለው በቀዳዳው በኩል ጥቂት ቅንጣት ባሩድ ሰደዱ፤ ጉጡን መለሱ፤ አረሩ ከቦታው አለመነሣቱን በዘንጉ አረጋገጡ፤ ከዚያ ወደ አፈር ክምሩ አነጣጥሬ እንድተኩስ አደረጉኝ። አረሩ በደካማ ድምፅ ወጣ። ይህ በዚህ ተኩስ ዘንድ የታወቀ ስሕተት ነው፤ የከፋው ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ ይኸውም የጎረሰ መሆኑን ረስቶ ሁለተኛ ጉርሻ መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ከጌቲስበርግ ጦርነት በኋላ ከሜዳው ከተሰበሰቡት 27,574 ጠመንጃዎች 24,000 ያህሉ እንደ ጎረሱ ነበሩ፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ሁለት ጉርሻ፣ ስድስት ሺህ ያህሉ ደግሞ ከሦስት እስከ ዐሥር ጉርሻ ተደራርቦባቸው ነበር። በጭስና በጩኸት መካከል ያለ ወታደር ጠመንጃው መክሸፉን ሳያውቅ ደጋግሞ ያጎርስ ነበር ማለት ነው። እኔ ጸጥ ባለ ሜዳ፣ በአንድ ሰው ወሬ ብቻ ነው የተሳሳትኩት።

ከዛሬ ጀምሮ ባሩዱ ከተሰፈረበት ጊዜ አንሥቶ ዘንጉ እስኪወጣ ድረስ ለማንም መልስ አልሰጥም። ለሚያናግረኝ እጄን አነሣለሁ፤ ሰዎቹም ይህንን ያውቁታል።

አማካይ ጊዜ አልያዝኩም።

ሚያዝያ 4

ትናንት ሚያዝያ 3 ነበር። በ1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከመቅደላ በታች አሮጌ በተባለው ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተጋጠመ። የእኛ ሰዎች ከያዟቸው ጠመንጃዎች አብዛኞቹ በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ ነበሩ፤ እንግሊዞቹ ግን ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ይዘው መጡ። በዚያ ጠመንጃ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ ዐሥር ጊዜ ያህል ሲተኩስ፣ በአፉ በሚጎርስ ጠመንጃ ግን እጅግ የተለማመደ ሰው እንኳ በደቂቃ ከሦስት አያልፍም። ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ሜዳ ወደቁ፤ ከወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖልም ቢሆን በአፉ የሚጎርስ ነበር።

ይህን ታሪክ ከትምህርት ቤት ጀምሬ አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ግን በሜዳው ላይ ቆሜ ከሌላው ጊዜ በተለየ ተሰማኝ። ዘንጉን ለመጎስጎስ ቀጥ ብሎ መቆም ያስፈልጋል፤ መሬት ላይ ተኝቶ ይህን ረጅም ቱቦ ማጉረስ እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ በአሮጌ ቁልቁለት ላይ የነበረው ወታደር የሚያጎርሰው ሰውነቱን ሙሉ በሙሉ ለጠላት አሳይቶ ነበር። ለካስ ቆሞ የሚጠብቀው ባላጋራው ብቻ አልነበረም፤ ባለ ጠመንጃው ራሱም ቆሞ ነው የሚያጎርሰው። አጎቴ ዘንድ ደውዬ «ጋሼ፣ ስሙ ሁለቱንም ወገን የሚመለከት ይመስለኛል» ስላቸው «እኛም ከአባቶቻችን የሰማነው እንዲሁ ነው፤ የሚያጎርሰውን ሰው ጓደኛው ይሸፍነው ነበር» ብለው መለሱልኝ።

ባሩዱን ወደ 60 ግሬይን ከፍ አደረግሁ፤ አረሮቹ የሚያርፉበት ስፋት ጠበበ። በየተኩሱ መካከል በትንሹ እርጥብ ጨርቅ በቱቦው ማሳለፍ ጀመርኩ፤ ጥቀርሻውን ያለሰልሳል፣ የቀረ ፍም ካለም ያጠፋል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም በዘጠነኛው ተኩስ አረሩ እንደ መጀመሪያው ተኩስ በቀላሉ ስለ ወረደ የወሰደውን ጊዜ መልሶ ከፍሎኛል።

አማካይ ጊዜ፦ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ።

ሚያዝያ 18

ባለፈው ቅዳሜ ቅዳም ሹር ስለ ነበረ ወደ ሜዳ አልሄድኩም። ዛሬ ዒላማውን ወደ 50 ያርድ አራቅነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ተኩሶች ሁሉም ወደ ግራ ሄዱ። የፊተኛው ማነጣጠሪያ በጎድጓዳ መቀመጫው ውስጥ በመዶሻና በነሐስ ፍልጥ እየተመታ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል፤ ፊተኛው ማነጣጠሪያ የሚገፋው አረሩ ወደሳተበት አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ወደ ግራ ለሚሄድ አረር ወደ ግራ ይገፋል። መጀመሪያ ተሳስቼ ወደ ቀኝ ገፋሁት፤ ስሕተቱም እጥፍ ሆነ። መልሼ አስተካከልኩት።

ባሩዱን በ70 ግሬይን ሞከርኩ፤ አረሮቹ ተበተኑ። ወደ 60 መለስኩት፤ ተሰበሰቡ። ብዙ ጀማሪዎች ባሩድ በጨመረ ቁጥር ጠመንጃው ይሻላል ብለው ያስባሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። እያንዳንዱ ቱቦ ግን የሚወደው መጠን አለው፤ የሚገኘውም በመሞከርና በመመዝገብ ብቻ ነው።

አማካይ ጊዜ፦ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ።

ሚያዝያ 25

ጠዋት ጤዛ ነበር። ቆቦቹን በደረት ኪሴ፣ ባሩዱን በቆርቆሮው ውስጥ አድርጌ ከርጥበት ጠበቅኋቸው። ዐሥራ አምስት ጊዜ ተኩሼ አንድም አልከሸፈም። በ50 ያርድ፣ 60 ግሬይን ባሩድ፣ 0.015 ጨርቅ፣ የሰምና የወይራ ዘይት ቅባት ይዤ የመጨረሻዎቹ አምስት አረሮች በሻይ ስኒ ማስቀመጫ ሊሸፈኑ በሚችሉበት ስፋት ውስጥ ገቡ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ለአጎቴ በፖስታ እልከዋለሁ።

ለመጨረሻው ጊዜ ሰዓቱን ያዝኩ። እየተጣደፍኩ አልነበረም፤ በዚህ ሜዳ መጣደፍ አይፈቀድም፤ እያንዳንዱ እርምጃ በቦታው፣ ዘንጉ በምልክቱ፣ እርጥቡ ጨርቅ በየመካከሉ እየገባ ነው። አማካዩ 1 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ሆነ። ቤት ስደርስ ለአጎቴ ደወልኩና «ጋሼ፣ የእኔ ቆመህ ጠብቀኝ አንድ ደቂቃ ተኩል ከአምስት ሰከንድ ያስጠብቃል» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ከቆዩ በኋላ «ረጅም ነው» አሉኝ።

ውኃው እየሞቀ ነው። ቱቦውን ነቅዬ በባልዲው ውስጥ አቁሜዋለሁ።